ካብና ካባ

ለጥምቀት ከደብረ ታቦር ወደ ጎንደር የሚወጡ አንድ ደጃዝማች ነበሩ። ምሳሌ ነውና ስማቸውን ከታሪክ መጽሐፍ አትፈልጉት። እንፍራንዝን አልፈው ማክሰኝት ሜዳ ላይ ሲደርሱ የበቅሏቸውን ልጓም ሳብ አደረጉ። ጥር ነው። ዝናቡ ከቀረ ሦስት ወር አልፎታል፤ ሣሩ ነጥቷል፤ የዋልካው መሬት ተሰነጣጥቆ የአህያ ኮቴ የሚውጥ ሆኗል። ከመንገዱ ግራና ቀኝ ያለው ሽምብራ እንደነገሩ ነው፤ አጥሯል፣ ወይቧል። መሐል ላይ ያለው አንድ እርሻ ግን ገና በእሸትነቱ፣ ጥቅጥቅ ብሎ፣ ቅርንጫፉ በፍሬ ጎብጦ ቆሟል።

አንድ አሽከር ወርዶ ጭብጥ ሙሉ ነቅሎ አቀረበላቸው። ፈልፍለው ቆረጠሙ። ቀጥሎም፣ የሽምብራ እሸት የነቀለ ሰው ሁሉ እንደሚያደርገው፣ ጣታቸውን ላሱ። ቅጠሉ ጣት ላይ የሚተወው ኮምጣጣ ነገር አለ፤ ጨውም ሎሚም ልሁን የሚል።

“ይኸንን በዚህ በጋ ማነው ያጠጣው?” አሉ።

አጃቢው እርስ በርሱ ተያየ። ሽምብራ ውሃ እንደማይጠጣ የማያውቅ ባላገር የለም፤ ደጃዝማች እንዳላወቁ የሚነግራቸው ደፋር ግን አልተገኘም።

“ያጠጣውን ሰው ፈልጋችሁ አምጡልኝ። ካባ አለብሰዋለሁ።”

የካባ ወሬ ከሰው እግር ይፈጥናል። ድንኳን ተተክሎ ጠጅ ሳይቀዳ ባለመብቶቹ ደጅ ሞሉ።

መጀመሪያ ባለእርሻው ቀረበ። “አራት ጊዜ አርሼ መስከረም ሲጠባ የዘራሁት እኔ ነኝ” አለ። “አጠጣኸው ወይ?” ቢሉት “አላጠጣሁትም፣ ጌታዬ” ብሎ አንገቱን ደፋ። ቀጥሎ ጠባቂው መጣ፤ ሌሊት ሌሊት ማማ ላይ ሆኖ ጃርት ሲያባርር ድምፁ እንደተዘጋ፣ በዚያው በተዘጋ ድምፁ አስረዳ። እሱም አላጠጣም። የደብሩ አለቃ ምሕላ መያዛቸውን ተናገሩ። ነጋዴው ደግሞ እኔ ዋጋ ባልሰጠው ማን ይዘራው ነበር ብሎ ተከራከረ፤ ይኼኛውን ደጃዝማቹ ስቀው ሸኙት።

አንዳቸውም አልዋሹም። ሁሉም የድርሻቸውን ሠርተዋል። ውሃው ከየት እንደመጣ ግን የሚናገር ጠፋ።

“ቆፍሩ!” አሉ በመጨረሻ፣ ተቆጥተው።

ተቆፈረ። እስከ አንድ ስንዝር አፈሩ እንደ ገል ደረቅ ነው። አንድ ክንድ ሲወርድ ጠቆረ፤ ቀዘቀዘ፤ ሲጨብጡት እንደ ሊጥ እጅ ላይ ቀረ። ከዳር ቆመው የነበሩ አንድ ሽማግሌ ገበሬ አፋቸውን የከፈቱት በዚህ ጊዜ ነው።

“የክረምት ውሃ ነው፣ ጌታዬ። ዋልካ ሆዱ ሰፊ ነው፤ የጠጣውን ቶሎ አይተፋም። ሽምብራ ዝናቡ ሲያበቃ ይዘራል፤ የሚያድገው መሬት በቋጠረችው ነው።”

“ዝናቡማ ለሁሉም እኩል ዘንቦ የለ! የጎረቤቱ ስለምን ወየበ?”

ሽማግሌው መልስ አልሰጡም። በከዘራቸው ዳገቱን አመለከቱ።

ከዳገቱ የምትኖር አንዲት ሴት ተጠርታ መጣች። መዳፏ የሻከረ፣ ሕፃን በአንቀልባ ያዘለች።

“አንቺ ነሽ ያጠጣሽው?”

“እኔ ደሃ ውሃ ከየት አመጣለሁ፣ ጌታዬ? ካብ ነው።”

“ካባውስ ይደርሳል፤ መጀመሪያ ሥራውን ንገሪኝ።”

“ካባ አላልሁም። ካብ ነው ያልሁት። የድንጋይ ካብ።”

አጋፋሪው ሳቁን በኩታው ጫፍ አፈነ። እሷ ቀጠለች። “ጎርፉ ከላይ ሲነሳ ፊቱን የሚይዘው ካጣ አፈሩንም ዘሩንም ይዞ ጣና ገብቶ ነው የሚያርፍ። እኔና ጎረቤቶቼ ከላይ ሆነን ድንጋይ እንክባለን። ካቡ ጋ ሲደርስ ይደክመዋል። ሲደክመው ይቀመጣል። ሲቀመጥ ይሰርጋል። የዚህ እርሻ ራስጌው አልቋል፤ የነዚያኞቹን ገና አልደረስንበትም።”

“መሬቱ ያንቺ ነው?”

“የላዩ እንጂ የታቹ የኔ አይደለም።”

“ስንት ናችሁ?”

“እንደ ጊዜው ነው። አንዷ ስትወልድ ሌላዋ ትተካታለች።”

ደጃዝማቹ ደስ አላቸው። ጥቁር ከፋይ፣ አንገቱ በወርቅ ክር የተጠለፈ ካባ መጣና ትከሻዋ ላይ ተጣለ። እልልታው ቀለጠ። ካባው ግን ሰፊ ነበርና አንቀልባውንም ጨምሮ ሸፈነው፤ ሕፃኑ ቀኑ በድንገት ጨለመበትና አለቀሰ። ሴትዮዋ ትንሽ ታገሠች፤ እሹሩሩ አለች፤ አልሆነም። አወለቀችው። አጣጥፋ በሁለት እጇ ይዛ መለሰች።

“አይቆጡኝ፣ ጌታዬ። ይኼ የጥር ልብስ ነው፤ ጥር ላይ ደግሞ ሥራ የለኝ። ሊያመሰግኑን ከፈለጉ በሐምሌ ይምጡ።”

አጋፋሪው አለንጋውን ጨበጠ። ደጃዝማቹ እጁን ያዙት።

በሐምሌ ወደዚያ ሜዳ የሚመጣ እንግዳ የለም። ደጃዝማቹ መጡ። በቅሏቸው ሜዳውን ሳታጋምስ እስከ ሆዷ ሰመጠች፤ ለአሽከር ትተዋት በእግራቸው ሄዱ። ዋልካው አንድ ጫማቸውን ወሰደ፤ ሁለተኛውን ራሳቸው አውልቀው ጣሉት። ዳገቱ ላይ ሲደርሱ ሰባት ሴቶች ዝናብ ላይ ቆመዋል። ሦስቱ ገሳ ደርበዋል፤ አራቱ ነጠላቸውን አናታቸው ላይ ጠቅልለው በስብሰዋል። ድንጋዩ ከእጅ ወደ እጅ ያልፋል። ወይራው ሥር፣ አጎዛ ላይ፣ ያ ሕፃንና ሌሎች ሁለት ልጆች በአንድ ገሳ ተከልለው ተቀምጠዋል። የምትጠብቃቸው የስድስት ዓመት ልጅ ናት።

ሴትዮዋ ቀና አላለችም። “በዚያ ጫፍ ይያዙልኝ” አለች።

ያዙ። ደጃዝማች መሆናቸውን አውቃ ይሁን ወይስ የመጣ እጅ ሁሉ እጅ ነው ብላ፣ እስከ ዛሬ አልታወቀም። ሦስተኛው ድንጋይ ላይ ወገባቸውን ያዛቸው። ለማረፍ ወደ ወይራው ዞር ሲሉ ልጆቹን አዩና አንጀታቸው ተላወሰ፤ ካባቸውን አውልቀው ገሳው ላይ ደረቡላቸው። ከፋዩ ዝናቡን ጠጣ። እንደ እርጥብ በግ ከብዶ ገሳውን ደፈጠጠው፤ ሕፃኑ ዳግመኛ አለቀሰ። ትንሿ ልጅ ማንንም ሳትፈራ ካባውን ጎትታ አወረደችና ቅርንጫፍ ላይ ሰቀለችው። እዚያው ሲንጠባጠብ ዋለ።

ሲመሽ “ምን ላድርግላችሁ?” ብለው ጠየቁ። ሴትዮዋ በጣቷ ቆጠረች። ገሳ ያንሰናል። ድጅኖው አንድ ነው፣ እሱም ጫፉ ተቆልምሟል። ጭቃ ሹሙ በክረምት ለሌላ ሥራ አይጥራን። አራተኛ ጣቷ ላይ ስትደርስ ዘግየት አለች።

“ልጆቹን የሚያይልን አንድ ትልቅ ሰው። ይቺም ራሷ ልጅ ናት።”

ጥር ሲመጣ ደጃዝማቹ በዚያው መንገድ አለፉ። እሸት ቀረበላቸው፤ ቆረጠሙ፤ ጣታቸውን ላሱ። ማን አጠጣው ብለው ግን አልጠየቁም፤ ቀና ብለው ዳገቱን አዩ። ሰኔ ላይም በማክሰኞው ገበያ፣ ከጣና ዳር ገሳ ጭነው የመጡ ሰዎች ገና ጭነታቸውን ሳያራግፉ አንድ አሽከር ገሳውን ጠቅልሎ ገዛውና ሰዎቹ በጠዋት ወደ አገራቸው ተመለሱ።

የምሳሌው ሽምብራ ልጅ ነው። አምስት ዓመቱን ደፍኖ፣ ደብተሩን ይዞ፣ በእግሩ ትምህርት ቤት የሚገባ ልጅ። በ1992 ዓ.ም. በተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ኢትዮጵያ ውስጥ በሕይወት ከሚወለዱ 1,000 ሕፃናት 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር። በ2008ቱ ጥናት ቁጥሩ ወደ 67 ወርዷል። መንገደኛ ቆሞ የሚያደንቀው አረንጓዴ እርሻ ይኼ ነው። ማን አጠጣው?

አንድ ክንድ ቢቆፈር የሚገኙት በ1995 ዓ.ም. በተጀመረው መርሐ ግብር በየገጠር ቀበሌው ሁለት ሁለት ሆነው የተመደቡት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ናቸው፤ አሥረኛ ክፍል ጨርሰው አንድ ዓመት የሠለጠኑ፣ ሁሉም ማለት ይቻላል ሴቶች፣ በቁጥር ከ30,000 በላይ የሆኑ። ከነሱ በታች ሌላ ካብ አለ። ከማክሰኝት በስተ ምዕራብ፣ ደምቢያ ውስጥ፣ በቆላ ድባ አካባቢ በ1940ዎቹ አጋማሽ የተነሳው ወባ ሺዎችን ፈጀ። ብዙም ሳይቆይ በ1947 ዓ.ም. ጎንደር ላይ የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፈተ፤ ዛሬ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የምንለው ከዚያ የበቀለ ነው። ኮሌጁ አገሪቱ ሐኪም እስክታፈራ አልጠበቀም። የጤና መኮንኑን፣ የማኅበረሰብ ነርሷንና የአካባቢ ጤና ባለሙያውን አሠልጥኖ በቡድን ወደ ገጠር ጤና ጣቢያ ይልካቸው ነበር። ከዚያም በታች ስም ያልተጻፈበት አፈር ነው። የልምድ አዋላጇ፤ “እንኳን ማርያም ማረችሽ” እያለች ገንፎ ይዛ የምትገባው ጎረቤት፤ አራሷ ቀና እስክትል ውሃዋን የምትቀዳላት ሴት፤ ዛፍ ሥር ሀ ሁ የሚያስቆጥሩት የኔታ። እነዚህን የቆጠረ ጥናት አላየሁም። ካባ የሚለብሱበት ቀንም የላቸውም።

የሥነ ምግብ ባለሙያዎች የመጀመሪያዎቹን 1,000 ቀናት ደጋግመው ያነሳሉ፤ 270 ቀን በሆድ፣ 730 ቀን በእቅፍ። በገበሬው አነጋገር ክረምቱ ማለት ነው። ያኔ ያልሰረገውን ውሃ በጥር በእንስራ ቢያመጡት እምብዛም አይሆንም። እዚህ ላይ ካባችን የሚሸፍነው ክፍተት አለ። በዚያው በ2008ቱ ጥናት ዐማራ ክልል ውስጥ ከአምስት ዓመት በታች ካሉ 100 ልጆች 46ቱ ለዕድሜያቸው የሚገባውን ቁመት ያላገኙ ነበሩ። ከክልሎች ሁሉ የበዛው ቁጥር፣ ጤፍና ሽምብራ ተርፎት በሚሸጥ ምድር! መንግሥት የልጆችን መቀንጨር በፈረንጆች 2030 አስቆማለሁ ያለበት የሰቆጣ ቃል ኪዳን የታወጀው በ2007 ዓ.ም. ነው። ወሩ ሐምሌ ነበር። ማንም አስቦበት አይመስለኝም፤ እኔ ግን ወድጄዋለሁ።

በየቀበሌው ግን ከመቀንጨሩ ሌላ ክሳትም አለ፤ እሱ የሚለካው በአንዲት ጥብጣብ ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ የልጁን ግራ ክንድ ትይዝና ጥብጣቡን ታዞርበታለች። ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ቀይ ነው፤ ከዚያ እስከ 12.5 ቢጫ፤ ከዚያ በላይ አረንጓዴ። በቀዩና በአረንጓዴው መካከል ያለችው ስፋት የትንሽ ጣት ጥፍር ታህላለች። ልጁ ክንዱን ይነጥቃል፤ እሷ ታባብለዋለች፤ እንደገና ታዞራለች። እናቲቱ ጥብጣቡን አታየውም። የምታየው የሠራተኛዋን ፊት ነው። ሠራተኛዋም ያንን ስለምታውቅ ቁጥሩን ካነበበች በኋላ ፊቷን ሳትለውጥ ትንሽ ትቆያለች፣ ምን ብላ እንደምትነግራት እስክታስብ። ይኼ ሥራ በየትኛው ሪፖርት ዓምድ ውስጥ ይገባል? ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ክልሉ የገባበት ግጭት ደግሞ ለነዚህ ሴቶች ሐምሌን አስረዝሞታል፤ የሚዘጋው መንገድ በዋልካ ብቻ መሆኑ ቀርቷል።

ካባ የደረሳቸውን አበበች ጎበናን አገር ሁሉ ያውቃቸዋል። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ግሸን ማርያምን ተሳልመው ሲመለሱ፣ ረኀብ ወላጅ ካሳጣቸው ልጆች ሁለቱን ይዘው አዲስ አበባ ገቡ። ልጆቹ እየበዙ ሲሄዱ የቤታቸው ሰው አልተቀበላቸውም፤ ትዳራቸውን ትተው ከልጆቹ ጋር ወጡ። ሰኔ 27 ቀን 2013 ዓ.ም. ሲያርፉ ያላዘነ አልነበረም፤ በሕይወት ሳሉም ሽልማቱና የክብር ስሙ ደርሷቸዋል። ደረሳቸው ማለት ግን እርሻው ከለመለመ በኋላ ነው። ቆሎና እንጀራ ሸጠው ልጆቹን ያበሉ በነበረበት ጊዜ በዚያ ጫፍ የሚይዝላቸው ስንት ሰው ነበር?

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንዲት ከተማ አዳራሽ ለሕፃናትና ለእናቶች የደከሙ ሰዎች የሚመሰገኑበት ቀን ላይ ተገኝቼ ነበር። ወሩ የካቲት ነው። ባነር ተሰቅሏል፤ ለስላሳው ተደርድሯል፤ ንግግሩ ግን ማለቂያ አጥቷል። ከየቀበሌው የመጡት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በየተራ እየተጠሩ በመስታወት የተለበጠ ምስክር ወረቀት ተቀበሉ፤ ፎቶ ተነሱ። ሲያበቃ አንዷን ደጅ ላይ አግኝቼ ሥራሽን የሚያቀልልሽ ምን ቢሰጡሽ ነው አልኋት። ለማሰብ እንኳ ጊዜ አልወሰደባትም።

“ቦቲ” አለች። “የክረምት ቦቲ። ሦስት ዓመት ጠይቄያለሁ።”

ዓይኗ ወደ አጥሩ በር ነበር። እዚያ ሌላ ሴት ቆማለች፣ ገና ዓመት ከመንፈቅ የማይሞላው ልጅ አዝላ። የሠራተኛዋ ልጅ ነው። እሷ ቤት ለቤት ስትዞር በሳምንት ሦስትና አራት ቀን የምትይዝላት ይቺ ጎረቤቷ ናት። ስሟ ዝርዝሩ ውስጥ የለም፤ ልጅ ያለቅሳል ተብላ ጥበቃው ከበር መልሷታል። ሁለት ሰዓት ተኩል ጸሐይ ላይ ቆማለች።

ሠራተኛዋ ፈጠን ብላ ሄደች። ምስክር ወረቀቱን ለጎረቤቷ አቀበለቻትና ልጇን ተቀበለቻት። ጎረቤትየዋ ወረቀቱን አገላብጣ አየችው። ከዚያ ከፍ አድርጋ ይዛ ከጎን ከጎናቸው እየሄደች የልጁን ፊት ከጸሐይ ከለለችበት።